«እኩል ናቸው» ከማለት በፊት፦ የአሬይ ንጽጽር ወጥመዶችና የምርምር ውጤት ተዓማኒነት

መግቢያ

በኮምፒውተር ስሌት በሚታገዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚነበቡ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ሁለቱ ውጤቶች ተመሳሳይ ሆነው ተገኝተዋል» የሚለው ነው። አዲስ ስልት ከነባሩ ጋር ሲመሳከር፣ አንድ ስሌት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲደገም፣ የአንድ ሞዴል ትንበያ ከትክክለኛው መልስ ጋር ሲነጻጸር የመጨረሻው ፍርድ የሚያርፈው በዚሁ «ተመሳሳይ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ሁለት አሬዮች፣ ማለትም በአንድ ስም ሥር በተርታ የተቀመጡ ሁለት የእሴት ስብስቦች፣ እኩል መሆን አለመሆናቸውን የሚጠይቅ መስመር። ተመራማሪው ስለ ናሙና አወሳሰዱና ስለ ስልቱ ገጽ በገጽ ሲያብራራ፣ ፍርዱን የሰጠው መስመር ግን ሳይጠቀስ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። እኩልነት አሬዮች በራሳቸው የያዙት ባሕርይ ሳይሆን ተመራማሪው የሚመርጠው መመዘኛ ነው። መመዘኛው በጥናቱ ውስጥ ካልተገለጸና ካልተፈተሸ «ተመሳሳይ ናቸው» የሚለው ቃል አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በተለይም ሁለት ዓይነት ስህተቶችን መለየት ይገባል። አንደኛው እኩል የሆኑትን «እኩል አይደሉም» የሚል ንጽጽር ነው፤ ይህ ወዲያውኑ ስለሚታይ ይታረማል። ሁለተኛው እኩል ያልሆኑትን «እኩል ናቸው» የሚል ንጽጽር ነው፤ ይህኛው ተመራማሪው ሊሰማው የሚፈልገውን መልስ ስለሚሰጥ ማንም መልሶ አይመረምረውም። አደጋው ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

1. አካልና ይዘት

አንድ መጽሐፍ በሁለት ቅጂ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ «እነዚህ አንድ ናቸውን?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች አሉ። በይዘት አንድ ናቸው፤ በአካል ግን ሁለት ናቸው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችም አሬዮችን ሲያነጻጽሩ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን መምረጥ ግድ ይላቸዋል፤ ምርጫቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በሲ ቋንቋ የአሬይ ስም በንጽጽር ውስጥ ሲገባ የሚወክለው የመጀመሪያው አባል የሚገኝበትን የማህደረ ትውስታ አድራሻ ነው። ስለዚህ ሁለት አሬዮች በድርብ የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ የሚጠየቀው ምን እንደያዙ ሳይሆን የት እንደተቀመጡ ነው። በጃቫም ይኸው ምልክት ሁለቱ ስሞች ወደ አንድ አሬይ ማመልከታቸውን ብቻ ይጠይቃል። ጀማሪዎች እንደ መፍትሔ የሚወስዱት «ኢኩዋልስ» የተባለው ሜተድም በአሬይ ላይ በቀጥታ ሲጠራ ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጥም፤ አሬዮች ሜተዱን ከ«ኦብጀክት» እንዳለ ወርሰውታልና። ይዘትን ለማነጻጸር «አሬይስ» በተባለው ክፍል ውስጥ ያለውን «ኢኩዋልስ» መጥራት ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ያያል። በጃቫ ማትሪክስ ማለት አሬዮችን የያዘ አሬይ ስለሆነ፣ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ማትሪክሶች በዚህ መንገድ ሲነጻጸሩ «የተለያዩ ናቸው» የሚል መልስ ይገኛል። እስከ ውስጠኛው ደረጃ የሚወርደው «ዲፕ ኢኩዋልስ» የተባለው ነው።

በጃቫስክሪፕትም [1, 2] == [1, 2] የሚለው ንጽጽር መልሱ ሐሰት ነው፤ ሁለቱ በየራሳቸው የተፈጠሩ ሁለት አካላት ናቸውና። እስከዚህ ድረስ ስህተቱ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። ፕሮግራመሩ «እኩል መሆን ነበረባቸው» ብሎ ይገረማል፤ ምክንያቱንም ፈልጎ ያገኛል። ችግሩ የሚወሳሰበው ለዚህ ስህተት በችኮላ በሚሰጠው መድኃኒት ነው። የተለመደው አቋራጭ ሁለቱን አሬዮች ወደ ጽሑፍ ለውጦ ጽሑፎቹን ማነጻጸር ነው። ነገር ግን [1, [2, 3]] እና [1, 2, 3] በተራ መንገድ ወደ ጽሑፍ ሲለወጡ ሁለቱም «1,2,3» ይሆናሉ፤ የውስጥ አወቃቀራቸው ይጠፋል። በጄሶን ቅርጽ ሲለወጡ አወቃቀሩ ይተርፋል፤ ነገር ግን «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ልዩ እሴት፣ ወሰን የለሹ ቁጥርና ያልተሰየመው እሴት ሁሉም በአሬይ ውስጥ ወደ አንድ ባዶ ምልክት ይጨፈለቃሉ። በዚህም ሐሰተኛ «አይደለም» ይሰጥ የነበረው ንጽጽር ሐሰተኛ «አዎን» ወደሚሰጥ ንጽጽር ተለወጠ ማለት ነው። ጩኸቱ ቆመ፤ ስህተቱ ግን ገና ጀመረ።

2. ቅርጽን የሚዘነጋ ንጽጽር

በሳይንሳዊ ስሌት ዘርፍ በስፋት የሚሠራበት የፓይተን ላይብረሪ ናምፓይ የተለየ መንገድ ይከተላል። በናምፓይ ሁለት አሬዮች በድርብ የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ የሚመለሰው አንድ እውነት ወይም ሐሰት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጥንድ አባል የተሰጠ የፍርድ አሬይ ነው። የሁለቱ አሬዮች ቅርጽ የተለያየ ቢሆንም ላይብረሪው ብሮድካስቲንግ በተባለው ሕግ መሠረት፣ በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ፣ አንዱን በመደጋገም ከሌላው ጋር ያስተካክለዋል። ይህ ሕግ ለሒሳብ ሥራ ታላቅ ምቾት ነው፤ ለእኩልነት ጥያቄ ግን ወጥመድ ነው።

ወጥመዱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ተመራማሪ 100 የደም ናሙና ምስሎችን «ወባ ያለበት» እና «ወባ የሌለበት» ብሎ የሚለይ ሞዴል አዘጋጅቷል እንበል። ከ100ዎቹ ምስሎች ውስጥ 10ሩ ወባ ያለባቸው፣ 90ው የሌለባቸው ናቸው። የሞዴሉን ትክክለኛነት ለማስላት ትንበያው ከትክክለኛው መልስ ጋር በድርብ የእኩል ምልክት ይነጻጸራል፤ ከዚያም የፍርዶቹ አማካይ ይወሰዳል። ትንበያው 100 አባላት ያሉት ተራ አሬይ፣ ትክክለኛው መልስ ደግሞ ከሠንጠረዥ ሲነበብ 100 ረድፍና 1 ዓምድ ያለው ባለ ሁለት ልኬት አሬይ ሆኖ ቢመጣ፣ የሚጠበቀው 100 ፍርድ ሳይሆን 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ፍርድ ይገኛል። እያንዳንዱ ትንበያ ከራሱ ምስል መልስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ምስሎች መልስ ጋር ይነጻጸራል። ፕሮግራሙ ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት አያወጣም። በስተመጨረሻ የሚታየው አማካይ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ያለ፣ የሚታመን የሚመስል ቁጥር ነው።

አሁን ሁለት ሞዴሎች በዚህ መስመር ይለኩ። የመጀመሪያው እንከን የለሽ ነው፤ 10ሩንም ሕሙማን፣ 90ውንም ጤነኞች በትክክል ይለያል። «የለበትም» ብሎ የተነበየላቸው 90 ምስሎች እያንዳንዳቸው ከ90 መልሶች ጋር ይስማማሉ፤ ይህ 8,100 ነው። «አለበት» ያላቸው 10 ምስሎች እያንዳንዳቸው ከ10 መልሶች ጋር ይስማማሉ፤ ይህ 100 ነው። ድምሩ ከ10,000 ውስጥ 8,200 ስለሆነ ትክክለኛነቱ 82 በመቶ ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው ሞዴል ምስሉን ሳያይ ሁሉንም «የለበትም» የሚል ነው። 100ው ትንበያ እያንዳንዱ ከ90 መልሶች ጋር ስለሚስማማ 9,000 ይሆናል፤ ትክክለኛነቱም 90 በመቶ ተብሎ ይመዘገባል። አንድም ታማሚ የማያገኘው ሞዴል ማንንም ከማይስተው ሞዴል በልጦ ይታያል። ተመራማሪው በዚህ ቁጥር ተመርቶ ሞዴል ቢመርጥ የሚመርጠው ዕውሩን ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ የስልት ስህተት አለመኖሩ ነው። ናሙናው ጥሩ ነው፤ ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ ቀመሩም በወረቀት ላይ ትክክል ነው። የተሳሳተው ንጽጽሩ ብቻ ነው። የሞዴሉን አወቃቀር የሚመረምር ገምጋሚ ይህን ሊያገኘው አይችልም፤ በጥናቱ ውስጥ የሚያነበው 82 ወይም 90 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነውና።

ተመሳሳይ ጠባይ በሌሎች ቋንቋዎችም ይገኛል። በአር ቋንቋ አጭሩ ቬክተር ከረጅሙ ጋር ሲነጻጸር አጭሩ እየተደጋገመ ይሞላል፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውም የረጅሙ ርዝመት በአጭሩ ሳይቀሪ የማይካፈል ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 4.2.0 እትም ጥያቄውን በስህተትነት እስኪፈርጀው ድረስ፣ ከአንድ በላይ ፍርድ የያዘ ቬክተር ለ«ኢፍ» ሲቀርብ ቋንቋው የመጀመሪያውን ፍርድ ብቻ ወስዶ በማስጠንቀቂያ ያልፍ ነበር። ሺህ አባላት ያሏቸው ሁለት ቬክተሮች በመጀመሪያው አባል ስለተስማሙ ብቻ «እኩል» ተብለው የሚያልፉበት ዕድል ነበር ማለት ነው።

3. ባዶነትና ጎዶሎነት

«በዚህ ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ፈተናውን አልፈዋል» የሚለው አባባል ክፍሉ ባዶ ከሆነም በሎጂክ እውነት ነው። ይህ የታወቀ የሎጂክ ሕግ በአሬይ ንጽጽር ላይ ከባድ ውጤት አለው። ሁለት ስሌቶች ውጤታቸውን ጽፈው ሁለቱም ፋይሎች በተሳሳተ የአቃፊ ስም ምክንያት ባዶ ሆነው ቢነበቡ፣ «ሁሉም አባላት እኩል ናቸውን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነው። በናምፓይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ይሆናል፤ ባዶ አሬይ አንድ አባል ካለው አሬይ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው የፍርድ አሬይ ባዶ ስለሆነ፣ «ሁሉም እውነት ናቸውን?» ሲባል አሁንም መልሱ «አዎን» ነው።

በማትላብ ነገሩ ይገለበጣል። ባዶ አሬይ ለ«ኢፍ» ሲቀርብ እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር፣ ሁለት ባዶ አሬዮች በድርብ የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ «እኩል አይደሉም» ወደሚለው መንገድ ይመራል፤ በዚያው ቋንቋ «ኢዝኢኩዋል» የተባለው ፈንክሽን ግን እኩል ናቸው ይላል። ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ኮድ የሚያሸጋግር ተማሪ ይህን ልዩነት በማንበብ ብቻ አያገኘውም፤ ሁለቱም መስመሮች ለዓይን አንድ ናቸውና።

ጎዶሎነትም እንዲሁ ነው። በፓይተን ሁለት ዝርዝሮችን አባል በአባል እያጣመሩ ለማነጻጸር የሚያገለግለው «ዚፕ» የተባለው ፈንክሽን አጭሩ ሲያልቅ ይቆማል። 1,000 አባላት ያሉት ዝርዝር፣ ከራሱ ከተወሰዱት የመጀመሪያዎቹ 10 አባላት ጋር ሲነጻጸር፣ ሁሉም ጥንዶች ስለሚስማሙ «እኩል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 3.10 እትም ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ እንዲያሳውቅ የሚያደርግ አማራጭ ተጨምሯል። ይሁን እንጂ አማራጭ ነውና ካልተጠራ አይሠራም። ስሌቱ በመካከል የተቋረጠበት ተመራማሪ፣ የቀረውን 990 ሳያሰላ ከነባሩ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ውጤት እንዳገኘ ሊያምን ይችላል።

4. የቁጥሮች ቅርበት

እስካሁን የተጠቀሱት ወጥመዶች በአሬዩ ላይ ያሉ ናቸው። ሌሎች ደግሞ በአባላቱ ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደቀውና በአሁኑ ጊዜ ኮምፒውተሮች የአሥርዮሽ ቁጥሮችን የሚያሰሉበት አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው መስፈርት ቁጥሮችን በተወሰነ የሁለትዮሽ አኀዝ ብዛት ይወክላል። በዚህም ምክንያት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚገኘው ቁጥር ከ0.3 ጋር እኩል አይደለም፤ በጣም ጥቂት ይበልጣል። የመደመር ቅደም ተከተልም ውጤቱን ይለውጣል። በ10,000,000,000,000,000 ላይ 1 ተደምሮ ያው ትልቁ ቁጥር ሲቀነስ ውጤቱ 0 ነው፤ ትልቁ ቁጥር መጀመሪያ ከራሱ ተቀንሶ 1 ሲደመር ግን ውጤቱ 1 ነው። አንድን ድምር ለብዙ ማቀነባበሪያዎች አከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም በየጊዜው በተለያየ ቅደም ተከተል ሊደምር ስለሚችል፣ ያው ኮድ በያው መረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ እስከ መጨረሻው አኀዝ የማይስማሙ ሁለት አሬዮችን ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች በጥብቅ እኩልነት ፈንታ ቅርበትን መጠየቃቸው ትክክል ነው። ነገር ግን «ቅርብ» የሚለው ቃል ወሰን ይፈልጋል፤ ወሰኑን ማን አስቀመጠው? በናምፓይ «ኦልክሎዝ» የተባለው ፈንክሽን ሳይነገረው የሚጠቀመው ወሰን ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የሁለተኛው አሬይ አባል መጠን አንድ መቶ ሺኛ ነው፤ ሁለተኛው 0.00000001 የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው። የሁለቱ አባላት ልዩነት ከእነዚህ ድምር ካልበለጠ «ቅርብ» ይባላሉ። እሴቶቹ በአንድና በመቶ መካከል ሲሆኑ ይህ ምክንያታዊ ወሰን ነው። አንድ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ግን መጠነ ይዘትን በሞል በሊትር መዝግቦ እሴቶቹ በናኖሞል ደረጃ ቢሆኑ፣ 0.000000002 እና 0.000000009 «ቅርብ» ተብለው ያልፋሉ፤ ልዩነታቸው ከቋሚው ወሰን ያነሰ ነውና። አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ተኩል መሆኑን ፈንክሽኑ አይናገርም። እንዲያውም በዚህ መለኪያ እያንዳንዳቸው ከዜሮም ጋር «ቅርብ» ናቸው። የመለኪያ አሃዱን ወደ ናኖሞል መለወጥ ብቻ ፍርዱን ይገለብጠዋል። ተፈጥሮ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የዜሮዎች ብዛት ነው።

ወሰኑ ከሁለተኛው አሬይ መጠን ላይ ስለሚሰላም፣ ንጽጽሩ ሚዛናዊ አይደለም፤ የአሬዮቹን ቦታ ማቀያየር በጠርዝ ላይ ባሉ እሴቶች መልሱን ሊለውጥ ይችላል። በአር ቋንቋ «ኦል ኢኩዋል» የተባለው ፈንክሽን ደግሞ ሌላ ወሰን አለው፤ ልዩነት ሲያገኝም ሐሰት ከማለት ይልቅ ልዩነቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመልሳል። በዚያው ቋንቋ ጥብቁ «አይደንቲካል» 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ሙሉ ቁጥሮችን በአሥርዮሽ ዓይነት ከተቀመጡት 1፣ 2፣ 3 ጋር «አንድ አይደሉም» ይላል።

የጎደለ መረጃ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። በመስፈርቱ መሠረት «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው እሴት ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ስለዚህ የጎደለ ልኬት ያለበት የናምፓይ አሬይ በ«አሬይ ኢኩዋል» ከራሱ ቅጂ ጋር ሲነጻጸር፣ በተለይ ካልታዘዘ በቀር፣ እኩል አይደለም ይባላል። የጃቫ «አሬይስ» ክፍል በተቃራኒው እንዲህ ያሉትን እሴቶች እኩል ያደርጋል፤ መስፈርቱ እኩል የሚላቸውን አወንታዊና አሉታዊ ዜሮ ግን ይለያል። በፓይተን ተራ ዝርዝሮች መልሱ የሚወሰነው በሁለቱ ዝርዝሮች ውስጥ ያለው «ቁጥር ያልሆነ» እሴት አንድ አካል ወይም ሁለት አካላት በመሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ፤ ሁሉም በየሰነዳቸው የተጻፉ፣ ሁሉም በየቋንቋቸው ትክክል።

5. ቅደም ተከተልና የአማርኛ ቃላት

አንዳንድ ጊዜ የአባላቱ ቅደም ተከተል ትርጉም የለውም። የአንድ ጥናት ተሳታፊዎች ዝርዝር ከፊደል ተራ ወጥቶ ቢገኝ ያው ዝርዝር ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ጊዜ ዝርዝሮቹን ወደ ስብስብ ለውጠው ያነጻጽራሉ። ስብስብ ግን ድግግሞሽን ይጥላል። «አዎን፣ አዎን፣ አይደለም» እና «አዎን፣ አይደለም፣ አይደለም» እንደ ስብስብ አንድ ናቸው፤ እንደ መጠይቅ ውጤት ግን ተቃራኒ ናቸው። አስቀድሞ መደርደርም የራሱ ወጥመድ አለው። የጃቫስክሪፕት መደርደሪያ ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ስለሚያይ 10ን ከ9 ያስቀድማል፤ ከዚህም ሌላ ዋናውን አሬይ ራሱን ያናውጣል። ለማነጻጸር ብቻ የተጻፈው መስመር የሚነጻጸረውን መረጃ ለወጠው ማለት ነው።

በአማርኛ ቋንቋ ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። የቃላት ዝርዝርን ከቃላት ዝርዝር ጋር ማነጻጸር በማሽን ትርጉም፣ በፊደል ማረምና በመረጃ ፍለጋ ጥናቶች ሁሉ የሚገኝ ሥራ ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» በሁለት የስም ዝርዝሮች ውስጥ ቢገኙ አንዱን ሰው አራት ሰው ያደርጉታል። ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው አራት ነጥብም ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ በርካታ ጸሐፊዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጻፍ ይተኩታል፤ በዓይን አንድ የሚመስሉት ሁለት የተለያዩ የአሬይ አባላትና ሁለት የተለያዩ ርዝመቶች ናቸው። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያዎች ይህን አያስታርቁም፤ ሞክሼ ፊደላቱ በዩኒኮድ ዘንድ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

ሁሉንም ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ መልክ ማምጣት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እሱም ዋጋ አለው። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ ሲሆኑ የፀሐይ መውጣትና ሌብነት አንድ ይሆናሉ። ለዘመናዊ ጋዜጣ ጽሑፍ ይህ ኪሳራ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለጥንታዊ የግእዝ ጽሑፍ ግን ትርጉም ያጠፋል። የትኛው እኩልነት ተገቢ እንደሆነ የሚወስነው የጥናቱ ጥያቄ እንጂ ላይብረሪው አይደለም። ውሳኔው ካልተጻፈም፣ በአንድ የመረጃ ስብስብ ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ያስመዘገቡት ውጤት የሚለያየው በሞዴሎቹ ብቃት ይሁን በፊደል አያያዛቸው መለየት አይቻልም።

6. የሚነሡ መከራከሪያዎች

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ይህ የፕሮግራመር ጉዳይ እንጂ የተመራማሪ አይደለም የሚል ነው። ነገር ግን የመለኪያ መሣሪያን ማስተካከል የላብራቶሪ ተመራማሪ ኃላፊነት መሆኑን ማንም አይክድም። ንጽጽር በስሌት ጥናት ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ነው። ዕውሩን ሞዴል ከፍጹሙ ያስቀደመው መስመር ከተዛባ ሚዛን በምንም አይለይም።

ሁለተኛው በሰፊው የሚሠራባቸው ላይብረሪዎች ችግሩን ፈትተውታል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቅርጽን፣ ጥልቀትንና የጎደለ መረጃን የሚያውቁ ፈንክሽኖች በየቋንቋው አሉ። ነገር ግን ከላይ እንደታየው ላይብረሪዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አለመስማማታቸውም ጉድለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የተለየ ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። መሣሪያው በእጅ መኖሩ ጥያቄውን ከመምረጥ ግዴታ ነጻ አያወጣም።

ሦስተኛው፣ ክብደት ያለው ተቃውሞ፣ እያንዳንዱን ንጽጽር መግለጽ ጥናትን በዝርዝር ያጨናንቃል የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ስለዚህም ግዴታው በሁሉም ንጽጽር ላይ ሊጣል አይገባም። በአንድ ጥናት ውስጥ ድምዳሜን የሚሸከሙ ንጽጽሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ለእነዚህ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መስጠት ገጽ አያባክንም።

7. ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ «ተመሳሳይ» የሚል ድምዳሜ የሚያቀርብ ጥናት አራት ነገሮችን ይግለጽ፤ ቅርጽና ርዝመት አስቀድመው መረጋገጣቸውን፣ የተፈቀደው የቁጥር ልዩነት ስንት እንደሆነና ለምን እንደተመረጠ፣ የጎደሉ እሴቶች እንዴት እንደተቆጠሩ፣ የአባላት ቅደም ተከተልና ድግግሞሽ ግምት ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን። የጽሑፍ መረጃ ከሆነ የፊደል አያያዙ ይጨመርበት። ወሰኑ የላይብረሪው ነባር ወሰን ከሆነም ቁጥሩ ይጻፍ፤ ከመረጃው መጠን ጋር መመጣጠኑም ይታይ።

ሁለተኛ፣ ንጽጽሩ ራሱ ይፈተሽ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከአሬዩ አንድ አባል ሆን ተብሎ ይለወጥ፤ አንድ አባል ይቀነስ፤ አንዱ አሬይ ባዶ ይደረግ፤ ቅርጹ ይቀየር። በእነዚህ ሁሉ ንጽጽሩ «አይደለም» ካላለ፣ በእውነተኛው መረጃ ላይ የሰጠው «አዎን» ዋጋ የለውም። ከላይ በተጠቀሰው የወባ ምሳሌ ተመራማሪው ትክክለኛውን መልስ በትንበያው ቅርጽ፣ ማለትም 100 አባላት ባሉት ተራ አሬይ፣ እንደ ትንበያ አድርጎ ለራሱ ለመለኪያው ቢያቀርብለት ኖሮ ከ100 ይልቅ 82 በመቶ ያይ ነበር፤ ስህተቱም በደቂቃ ውስጥ ይገለጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ አማካሪዎችና ፈታኞች አንድ ጥያቄ በልማድ ይጠይቁ፤ «ይህ ኮድ እኩል አይደሉም ያለበትን አንድ አጋጣሚ አሳይ»። የናሙና መጠን እንዴት እንደተወሰነ መጠየቅ በፈተና አዳራሽ የተለመደ እንደሆነ ሁሉ ይህም ሊለመድ ይገባል። ጥያቄው የኮድ ዕውቀት አይፈልግም፤ የሚፈልገው መለኪያው መቼ እንደሚከለክል የማወቅ ፍላጎት ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የአሬይ ንጽጽር ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ በኮዱ ውስጥ ከአንድ መስመር አያልፍምና። ነገር ግን አዲሱ ከነባሩ ጋር ተስማማ፣ ድጋሚው ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ፣ ሞዴሉ ከእውነታው ጋር ተቀራረበ የሚሉት ድምዳሜዎች ሁሉ የሚያልፉት በዚሁ ጠባብ በር ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ለመጣው ሁሉ የሚከፍት ከሆነ ማን እንዳለፈ መቁጠር ትርጉም የለውም። በገበያ ሚዛን ላይ እምነት የሚኖረው ያልሞላውን «አልሞላም» ሲል የታየ እንደሆነ ነው፤ «እኩል ናቸው» የሚለውም ቃል በጥናት ውስጥ ክብደት የሚኖረው፣ ቃሉን የተናገረው ንጽጽር «እኩል አይደሉም» ማለት እንደሚችል አስቀድሞ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።